ዘጠኙ ሳጥኖች

ማዳም ሉብና ትራሱን በእጇ አልነካችውም። ሥጋ በምንጠብስበት የከሰል ጉጠት ጫፉን ቆንጥጣ፣ በሌላ እጇ አፍንጫዋን ይዛ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው እየተጠየፈች ደረጃውን ወረደችና ግቢው መሃል ካስቀመጠችው ትሪ ላይ ጣለችው። ከዚያ ተመልሳ ገብታ ከኩሽና አንድ ሙሉ ፓኬት ጨው አመጣች፤ በአፏ እያነበነበች ዙሪያውን ነሰነሰችው። እኔ መኪና እያጠብኩ ነበር። የውሃውን ጎማ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ በማለዳው አናት ትበሳለች፤ ቁርጡባ ሰፈር ከአየር ማቀዝቀዣ ድምፅ በቀር ኮሽ የሚል ነገር የለም፤ እና አንዲት የተማረች፣ ባንክ የምትሠራ ሴትዮ በእንቅልፍ ልብሷ ቆማ ትራስ ላይ ጨው ትነሰንሳለች። የባሰ አታምጣ አልኩ በልቤ። የባሰውማ መጥቶ ኖሯል። ትራሱን አውቀዋለሁ፤ ከሱቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ያመጣሁት ግን ፊት ለፊቱን ብቻ አይቼ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ የማዳም ልጅ የአብዱራሕማን፣ ቤት ውስጥ ዐቡድ የምንለው፣ ሁለት የላይ ጥርሶቹ ወልቀው የሚስቅበት ፎቶ አለ። በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲሰጡኝ ፎቶውን አይቼ «ያምራል» ብዬ ነው ይዤ የመጣሁት። አሁን ትሪው ላይ ተገልብጦ ጀርባውን ሳየው ክው አልኩ። ወርቃማ ሳጥኖች ናቸው፤ ሦስት በሦስት ሆነው በልክ የተደረደሩ ዘጠኝ ሳጥኖች። በየሳጥኑ ውስጥ ደቃቅ ቁጥር አለ፤ አልፎ አልፎ ከቁጥሩ መሃል የእንግሊዝኛ ፊደል ጣልቃ ይገባል። የመጨረሻው፣ ታች በቀኝ በኩል ያለው ሳጥን ብቻ ባዶ ነው። እኔ ከሚሴ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ክታብ ተቀዶ አይቻለሁ፤ ውስጡ እንዲሁ በሳጥን የተከፋፈለ ነው። እዚህ ዐረብ አገር ይሄ ነገር ሲሕር ይባላል፤ አስማት። በሠራተኛ ላይ ሲሕር ከተጠረጠረ ደግሞ ቀልድ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ከጣቢያው በፊት በቆምክበት ጥፊ አለ።

«ከልጄ ፍራሽ ሥር!» አለች ማዳም፣ ለእኔ ይሁን ለጎረቤት አላውቅም። «አንሶላ ልቀይር ብዬ ፍራሹን ባነሳው! ከራሱ ትይዩ!»

ጣይባ የኩሽናው በር ላይ ቆማለች፤ እጇ ላይ የዕቃ ማጠቢያ አረፋ አለ። ጣይባ የሚስቴ የኑሪያ ታናሽ እህት ናት፤ ወረባቦ የተወለደች፣ አምስት ጊዜ ሰግዳ በስድስተኛው የምታርፍ ዓይነት ልጅ። እዚህ ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ዐቡድ ገና በዳዴ እያለ። እሱም በእናቱ እቅፍ ካደገው ይልቅ በእሷ ጀርባ ያደገው ይበልጣል። «ማዳም፣ የኔ ነው፤ ስጦታ ነው፤ እሑድ አንደኛ ክፍል ሲገባ ልሰጠው ነው የደበቅኩት» አለች በዚያ በተጣራ አረብኛዋ። ይህን ብላ ጠጋ አለችና ሳጥኖቹን አየች። አየችና ዝም አለች። እኔን የከነከነኝ እሱ ዝምታ ነው። ንጹሕ ሰው ይጮሃል፤ ይምላል፤ «ይሄ ምንድነው?» ይላል። እሷ ፊቷ አመድ መስሎ ቀና አለችና ያየችው ማዳምን አይደለም፤ እኔን ነው።

ማዳም ፍርዱን እዚያው ሰጠች። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት፣ በኋላ ሰባሕ አል ሳሊም የሚባል ሰፈር ሄጄ ሩቅያ የሚያደርጉትን ሼኽ፣ ሲሕር የተደረገበት ላይ ቁርአን የሚቀሩትን፣ ይዤ እመጣለሁ። ሼኹ ትራሱን ያዩታል። ሲሕር ነው ካሉ ፖሊስ ትጠራለች፤ ጣይባ ከዚህ ቤት የምትወጣው በካቴና ነው። ባባ ዒሳ፣ ባሏ፣ ለሥራ ሪያድ ነው፤ እሱ ቢኖር ነገሩ ትንሽ ይበርድ ነበር። የጣይባን ስልክ ተቀብላ ኪሷ ከተተች። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረችና «አንተስ? ምን ታውቃለህ?» አለችኝ። «እኔ ፎቶውን ነው ያየሁት፣ ማዳም» አልኩ። እውነቴን ነው። እውነት ግን አንዳንድ ጊዜ ውሸት ይመስላል፤ እኔ ራሴ ስናገረው ሰምቼ አላመንኩትም። ዐቡድ ላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያየናል። እናቱ ቀና ብላ ስታየው እጁን አውለበለበላት፤ እሷ መጋረጃውን እንዲዘጋ በእጇ ምልክት ሰጠችው።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ጣይባን አገኘኋት። ያቺ ክፍል ለሁለት ሰው አትበቃም፤ ማሽኑና ማድረቂያው ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው፤ መሃል ላይ የሚተኮስ ልብስ ተቆልሏል። የልጁን አዲስ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ትተኩሳለች። ካውያውን ደጋግማ አንዲት ኮሌታ ላይ ትመልሰዋለች። ከሰው ቤት የመጣ እንግዳ ቢያየን የተጣላን ባልና ሚስት ነው የምንመስለው።

«ምንድነው ያስጻፍሽው?» አልኳት።

«የላክሁልህን ነዋ።»

«እኔ የላክሽልኝን ሳላነብ ነው ለሱቁ ያስተላለፍኩት፤ መሪ ይዤ ነበር። የሱቁን ቁጥር ሰጥቼሽ የለ? ራስሽ ደውለሽ ሌላ ነገር አስጽፈሽ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ። ኧረ በአላህ! እኔም ልጆች አሉኝ።»

ካውያውን አቆመችው። «ጋሼ፣ አንተ ነህ ወይ የለወጥከው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እኔ?! እኔ ምን ላገኝ?»

«እኔስ ምን ላገኝ?» አለችና ወደ ኮሌታዋ ተመለሰች። የካውያው እንፋሎት እፍ እፍ ይላል። ስልኬን አውጥቼ መልእክቷን ፈለግኩ፤ አለ። «እደግ ተመንደግ» ይላል፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ቀይ ልብ። አበቃ። ይሄኔ ልቤ ማረፍ ነበረበት አይደል? አላረፈም፤ ባሰበት። የተላከው ምርቃት፣ የመጣው ክታብ! መሃል ላይ አንድ ሰው እጁን አስገብቷል። ወይ እሷ ናት፣ ወይ የሱቁ ሰውዬ ነው፤ ምቀኛም ይሆናል። ጣይባ ሰሞኑን ከአገር ቤት ረጃጅም የድምፅ መልእክት ሲመጣላት ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ከማን ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። አሁን ሁሉም ነገር ጭራ አበቀለብኝ። ልጁ ከእሷ ሌላ ሰው እንዳያጎርሰው ያለቅሳል፤ ለምን? ማዳም ራሷ ባለፈው ወር «ልጄ ከእኔ ይልቅ እሷን» ብላ ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰምቻለሁ። እንግዲህ አስቡት፤ የሚስቴን እህት፣ የልጆቼን አክስት ነው እንዲህ የምጠረጥራት።

ማዳም ለዕቃ ወደ ጀምዒያ፣ ወደ ሰፈሩ ሸማቾች ገበያ ላከችኝ፤ ለሼኹ የሚቀርብ ቴምርና ጭማቂ። እኔ መኪናዋን ትራሱን ወዳሠራሁበት ገበያ፣ ወደ ራይ መታጠፊያ አዞርኳት። መኪናዋ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ካሜራ አለች፤ ድምፅም ትቀዳለች። ባለፈው ረመዳን ማዳም «ለአደጋ ጊዜ ነው» ብላ ያስገጠመቻት ናት፤ የማን አደጋ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ቀይ መብራቷ ሁልጊዜ ዓይኔ ሥር ትበራለች። ለምን ራይ ሄድክ ብባል ጀምዒያ ጥሩ ቴምር አጣሁ እላለሁ ብዬ መልስ አዘጋጀሁ። እዚህ አገር ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቁልፉንና መልሱን ይዞ ነው የሚወጣው።

ሱቁ ከአምፖል መሸጫዎቹ ጀርባ፣ የመጸዳጃ ቤት ሴራሚክ ከሚደረደርበት መጋዘን አጠገብ ነው። በር ላይ ስም የተጻፈባቸው ኩባያዎች፣ የሙሽሮች ፎቶ ያለባቸው ሰዓቶች፣ ካናቴራዎች ተሰቅለዋል። ትራስ በፎቶ አራት ዲናር ተኩል። የሚሠራው ሙሐሲን የሚባል የኬራላ ሰው ነው፤ ደቃቃ፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ። ሲያየኝ ፈገግ ሊል ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። «ተመላሽ የለም» አለ ገና ሰላም ሳልለው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳየኝ፤ በአምስት ቋንቋ «ተመላሽ የለም» ይላል።

«ገንዘብ አልፈለግኩም። ማን ነው ትራሱ ላይ ይሄን ያስጻፈህ?» ብዬ ግቢ ውስጥ በድብቅ ያነሳሁትን ፎቶ አሳየሁት።

«አንተ!»

«እኔ?»

«አንተ ነህዋ! የላክልኝን ነው የጻፍኩት። አንድ አልጨመርኩ፣ አንድ አልቀነስኩ።» ተቆጣ። ሌባ ያልኩት መሰለው። ዕድሜዋ ከእሱ የማይተናነስ ኮምፒውተር አለችው፤ እያጉረመረመ የእኔን መልእክት ፈልጎ አወጣና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። እውነቱን ነው። የእኔ ስም፣ የእኔ ፎቶ፣ ከሥሩ ጣይባ የጻፈችው ይሆናል ብዬ ስጠብቅ ሳጥን! ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ክፍተት፣ እንደገና ሳጥን። ስልኬን ከስክሪኑ ጎን አስጠጋሁት። ያው መልእክት፣ ያው ሰዓት። እኔ ጋ ፊደል፣ እሱ ጋ ሳጥን።

ሙሐሲን መነጽሩን አደረገ። ስልኬን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ እንደገና ስልኬን። «ይሄ ነው ፊደላችሁ?» አለኝ ጣቱን «እደግ» ላይ አድርጎ።

«እና ምን መሰለህ?»

«እኔ እኮ ፊደላችሁ ሳጥኑ መስሎኝ ነው!»

ሰውዬው አልቀለደም። እናቱን ይማልላት፣ የሐበሻ ጽሑፍ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። በኮምፒውተሩ የመጣለትን አየ፤ ሳጥን፣ በውስጡ ቁጥር፤ ሐበሻ እንዲህ ነው የሚጽፈው ብሎ ተቀበለ። ቻይናም አለ፣ ታሚልም አለ፣ ሰው በፈለገው ይጽፋል። ነገሩን እየደጋገመ በተሰባበረች አረብኛችን አስረዳኝ። ማሽኑ የሚስለው የሚያውቀውን ፊደል ነው። ሙሐሲን አረብኛ፣ ሂንዲ፣ ማላያላም፣ ቤንጋሊ ጭኖበታል፤ የእኛን የጠየቀው ስላልነበረ አልጫነም። ማሽኑ የማያውቀው ፊደል ሲመጣለት ደግሞ እንደ ሰው «አላውቅም» አይልም፤ ሳጥን ይስልና በውስጡ የፊደሉን መለያ ቁጥር ይጽፋል። ይሄን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። እኛንስ ሆስፒታል ስንሄድ ስማችንን መጥራት ሲያቅታቸው የመታወቂያችንን ቁጥር አይደል የሚጠሩት?

«ሦስት በሦስት ያደረግከውስ ለምንድነው? ወርቃማውስ?» አልኩት። እዚህ ላይ አፈረ። በአንድ መስመር ሲያደርገው ዘጠኝ ሳጥን ተርታውን የቆመ የአጥር ብረት መሰለበት። ለልጅ ስጦታ ነው፣ እንዲያምር ብሎ ሰበሰበው፤ ክፍተቷንም አጠፋት፤ ቀለሙን ወርቅ አደረገው። «ወርቁ ከእኔ ነው፤ አላስከፈልኩህም» አለኝ። ቆሜ ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ ሙሐሲን ግራ ገብቶት አብሮኝ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ እንባዬ መጣ። ምክንያቱም አሁን ፎቶውን ሳየው ሁሉም ነገር ገሃድ ነው። ስምንት ፊደልና አንድ ልብ፣ ዘጠኝ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ሰባተኛውና ስምንተኛው ላይ ተመልሰው መጥተዋል፤ «ደግ» እና «ደግ»። ጠዋት በዚያ ትሪ ላይ ያነበብኩት ክታብ ይሄ ነው። ያቺን ምስኪን ልጅ በካውያ እንፋሎት ውስጥ አቁሜ የመረመርኳት በዚህ ነው።

ሙሐሲን የአማርኛ ፊደል ከኢንተርኔት አውርዶ ማሽኑ ላይ ጫነ። አንዲት ቁልፍ ነካ፤ ሳጥኖቹ እንዳለ ረገፉና «እደግ ተመንደግ» ብቅ አለ። ቶሎ ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ «መልሰው፤ እንደገና አድርገው» እያልኩ ሳጥኑ ፊደል፣ ፊደሉ ሳጥን ሲሆን በቪዲዮ ቀረጽኩ። ልቧ ግን አልመጣችም። ፊደሉ ሁሉ ሲገባ እሷ ብቻ ባዶ ሳጥን ሆና ቀረች። ሙሐሲን የአማርኛው ፊደል ውስጥ ልብ የለም፣ ከሌላ ቦታ ፈልጌ ላምጣ አለኝ። ሰዓቱን አየሁ፤ የዐስር አዛን ደርሷል። ደግሞም አንድም ሳጥን፣ ባዶም ቢሆን፣ ትራስ ላይ ማየት አልፈለግኩም። «ፋቃት» አልኩት። ፎቶው ከእሱ ጋር ስለነበር አዲሱን ትራስ እዚያው በትኩስ ማተሚያው አተመው፤ ሱቁ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። ልከፍል ስል እጄን መለሰው። «ማዳምህን ይቅርታ በልልኝ» አለ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ «የሱቁን ስም ግን አትንገራት» አለኝ።

ሼኹን ከሰባሕ አል ሳሊም ስይዛቸው የጠበቅኩት ቁጡ ሰው ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መኪና ላይ ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው ነው። መንገድ ላይ «ሙስሊም ነህ?» አሉኝ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። «ልጅቷስ?» «እሷም ሙስሊም ናት፤ እህቴ ናት።» ከዚያ እስከ ቁርጡባ ድረስ ተስቢሓቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ቆጠሩ። ቪዲዮውን ላሳያቸው እጄ ስልኩ ላይ ሁለት ጊዜ ደረሰ። ካሜራዋን አየሁና ተውኩት። ማዳም በመንገድ አሳምኖ አመጣቸው እንዳትል ፈራሁ።

ሳሎኑ ውስጥ የገባነው ሁሉ ቀዝቅዞን ነው፤ ማዳም ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ለቃዋለች። አሮጌው ትራስ ከነጨው ትሪው ላይ፣ ትሪው ምንጣፉ ላይ። ጣይባ በሩ ጥግ ቆማለች፤ ጥቁር መሸፈኛዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባዋለች። ሼኹ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። ጣታቸውን ሳያስነኩ ወደ ባዶዋ ሳጥን ጠቆሙ። «ይቺስ?» አሉ። ማዳም «የስም ቦታ ናት፤ የልጄን ስም ሊያስገቡባት ነው» አለች። ለካ ቀኑን ሙሉ ያቺን ባዶ ሳጥን ስታስብ ነው የዋለችው።

«ልብ ናት» አልኩ።

«የማን ልብ?» አሉ ሼኹ፤ ቀና ብለው።

ስልኬን አውጥቼ መልእክቱን አሳየኋቸው። ቀይዋን ልብ ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ፤ የልጅ ልጆቻቸው ይቺኑ እንደሚልኩላቸው ነገሩን። ከዚያ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ሳጥኑ ፊደል ሆነ፤ ፊደሉ ሳጥን ሆነ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። አዲሱን ትራስ አወጣሁና ለማዳም ሰጠኋት፤ በእጇ ተቀበለችው። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ። እሷ ግን ፎቶውን አልፋ ጀርባውን ገለበጠች፤ ጽሑፉን ወደ ታች ዘቅዝቃ ያዘችው፤ ትኩር ብላ አየችው። «እና ይሄ ምንድነው?» አለች። ያኔ ነው የገባኝ። ለእኔ ሳጥኑ ተከፍቶ ፊደል ወጣልኝ፤ ለእሷ ሳጥኑም ፊደሉም ያው አንድ ነው፤ ሁለቱንም አታነባቸውም። ልጅ ሲያድግ የምንመርቅበት ነው፣ ከፍ በል፣ ትልቅ ሰው ሁን ማለት ነው አልኳት። «አንተ የእህቷ ባል ነህ፤ ሌላ ምን ልትል ነው?» አለችኝ። ጣይባን ብትጠይቅ ጣይባ ናት። አገሩ በሙሉ ሐበሻ ሠራተኛ ሞልቶታል፤ የምታምነው ግን ከየት ይምጣ? ሼኹም አያነቡትም።

«በቋንቋችሁ እስቲ ልስማው» አሉኝ በመጨረሻ።

«እደግ፣ ተመንደግ» አልኩ።

ከደረጃው ላይ ሳቅ ተሰማ። ዐቡድ ነው። መቼ ከክፍሉ እንደወጣ እንጃ፤ በባዶ እግሩ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ይንጠራራል። «ጫላ አልቻለበትም!» አለ እኔን እያየ። «ጣይባ ቀስ ብላ ነው የምትለው። እሷ ስትል እኔ እንዲህ እሳባለሁ። ከዚያ ነገ ረዥም እሆናለሁ፤ እስከ በሩ ድረስ።» ወርዶ ትራሱን ከእናቱ እጅ ነጠቀ፤ ጥርስ አልባ ፎቶውን አይቶ ጮኸ። ሼኹ ሳቁ። «ዱዓ ነው፣ ልጄ» አሉ ለማዳም፤ «ለልጅሽ ዱዓ የምታደርግ ሴት ነው የሰጠሽ። ሰውን ያለማስረጃ አትጠርጥሪ።» ተስቢሓቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ቴምሩንም አልነኩት። ጣይባ በሩ ጥግ እንደቆመች ዓይኖቿን ጨፈነች። ፖሊስ ቀረ፤ ካቴና ቀረ። ሮጬ ባቅፋት ደስ ባለኝ።

ማዳም ግን ሼኹን አልሰማቻቸውም። ልጇን ነው የምታየው። «በየቀኑ ትልሃለች?» አለችው።

«ስተኛ። ሁልጊዜ።»

«ለእኔ ለምን ነግረኸኝ አታውቅም?»

«አንቺ አታውቂውማ» አለ ዐቡድ፣ ትራሱን እያቀፈ።

የሴትዮዋን ፊት ያኔ ያላየ የለም። አዘንኩላት፤ ልዋሽ? ቀኑን ሙሉ ጠላት ሆናብኝ ውላ እዚያች ላይ አንጀቴን በላችው። ጠዋት የፈራችው አስማት ነበር። አሁን ያገኘችው ግን በጨው የማይለቅ ነገር ነው።

ሼኹን አድርሼ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ሥርዓት አውጥታለች። ጣይባ ትቆያለች፤ ደመወዟም አይነካም፤ ስልኳም ተመልሶላታል። ሥራዋ ግን ከዛሬ ጀምሮ ምድር ቤት ነው፤ ኩሽናና ልብስ ማጠቢያ። ላይኛው ፎቅ አትወጣም። ልጁን የምታስተኛ ፊሊፒናዊት ቅዳሜ ከመክተብ፣ ከሠራተኛ አስቀጣሪው ቢሮ አመጣለሁ። ለልጁ ክፍል የሚሆን ካሜራ፣ ድምፅ ያለው፣ ከራይ እገዛለሁ። «በዚህ ቤት ውስጥና በመኪናዬ ውስጥ ከልጄ ጋር በሐበሻ ቋንቋ የሚያወራ ሰው ኻላስ፣ አበቃለት፣ በማግስቱ አገሩ ነው። ለአንተም ነው የምልህ» አለችኝ። አልጮኸችም። የሆነ የታመመ ሰው ድምፅ ነው ያወጣችው።

ጣይባን ኩሽና ውስጥ አገኘኋት፤ ሩዝ ትለቅማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ይቅርታ ልላት ጀምሬ ሳልጨርሰው ቀረሁ፤ እሷም አላገዘችኝም። ከትሪው ቀና ሳትል «ልቡን የት አደረስከው?» አለችኝ።

«ማሽኑ አላውቀውም አለ።»

«ተወው» አለች። «የዛሬውን ለኑሪያ እንዳትነግራት» አለችና ሩዟን ቀጠለች። ከአገር ቤት የሚመጣላት መልእክት ከማን እንደሆነም ያኔ ነገረችኝ፤ ሳልጠይቃት። ከእናቷ ነው። እናቷ ታመው ድምፃቸው ስለደከመ ነው ስልኩን ጆሮዋ ላይ የምትለጥፈው።

መግሪብ ሲል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዐቡድን አያቱ ዘንድ እንዳደርስ ታዘዝኩ። ጣይባ እንደወትሮው ጫማውን ልታደርግለት ብቅ አላለችም፤ ማዳም ራሷ አደረገችለትና ግራውን በቀኝ አድርጋው መልሳ አወለቀችው። ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ቀበቶውን አሰርኩለት። ትራሱን ይዞ ነው የመጣው፤ ማዳም ይሄን የምትነጥቅበት ሰበብ አላገኘችም። የመንገድ መብራቶቹ አንድ በአንድ እየበሩ ናቸው። ቀይዋ መብራትም ከመስታወቱ ሥር ትበራለች።

«ጫላ፣ ጣይባ ለምን ዛሬ ላይ አልወጣችም?» አለኝ።

«ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩት በአረብኛ።

«ዛሬ አያቴ ጋ ነው የምተኛው። አያቴ አታውቀውም።» ከዚያ ትራሱን ገለበጠና ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ፣ «አንተ በለኝ። ቀስ ብለህ ግን።»

መብራት ያዘን፤ ቆምን። ልጆቼን አሰብኩ፤ የትምህርት ቤት ክፍያቸውን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኑሪያን። ካሜራዋን አየኋት። በመስታወቱ ደግሞ ልጁን አየሁት፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ለመዘርጋት ተዘጋጅቶ፣ ይጠብቀኛል። ጠዋት አንዲት ልጅ በቁሟ ስትከሰስ «እኔ ፎቶውን ነው ያየሁት» ያልኩበት አፍ ይሄው አፍ ነው።

«እደግ» አልኩ።

ሁለት ትንንሽ እጆች መስታወቱ ውስጥ ብቅ አሉ፤ ጣቶቹ የመኪናዋን ጣሪያ ነኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ ከኋላዬ ጡሩምባ ይነፋብኛል። ወደ ካሜራዋ ቀይ መብራት ጠጋ አልኩና ማዳም አጥርታ እንድትሰማው፣ «ተመንደግ!» አልኩት።